እንዚራው የት ሄደ? ስለ ከበሮና ስለ በገና ድምፅ አቀራረጽ የቀረበ ትችት

በየክረምቱ ወደየአገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎች የሽማግሌዎችን ዘፈን፥ የሠርግ ጨዋታና የካህናትን ወረብ ቀርጸው ይዘው መምጣት ልማድ እየሆነ ሄዷል። ሥራው የሚያስመሰግን መሆኑን አስቀድሜ ለመናገር እወዳለሁ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ጓደኞቼ ያመጧቸውን ቅጂዎች፥ የራሴንም ጨምሬ፥ አንድ በአንድ ተቀምጬ ባዳመጥሁ ጊዜ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት አገኘሁ። ዘፋኙ ይሰማል፤ ጭብጨባው ይሰማል፤ እልልታውማ ጆሮ ይበሳል። ከበሮው ግን አንድ ጊዜ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይንኳኳል፥ አንድ ጊዜ ደግሞ መልክ እንደሌለው የሩቅ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። በገናው ከነጭራሹ በገና አይመስልም።

«ዋናው ግጥሙ ነው እንጂ ስለ ከበሮው ማን ይጠይቃል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ግጥሙን በወረቀት መጻፍ ይቻላል፤ የሚጠፋውም ቢኖር ጥቂት ነው። የከበሮውን አመታትና የበገናውን ድምፅ ግን በወረቀት ጽፎ ለማስቀረት የሚችል የለም። በወረብ ጊዜ ዝግ ብሎ የጀመረው ዝማሬ ቀስ በቀስ መፍጠኑን፥ ካህናቱም ወደ ጭብጨባው መሸጋገራቸውን የሚያስታውቀው ከበሮው ነው። እንግዲህ የድምፅ መቅረጫ ይዘን የሄድነው ወረቀት የማይችለውን ለመያዝ ከሆነ፥ ያንኑ ጥለን መመለሳችን የሚያስተች ነገር ነው።

የጉድለቱ ምክንያት የመሣሪያው ርካሽነት ነው ብለው ብዙዎች ይከራከራሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ምክንያቱ ሦስት የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው። አንደኛው፥ ማይክሮፎን ወደ መሣሪያው በቀረበ ቁጥር ድምፁ ያምራል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ሁለት ማይክሮፎን ዘወትር ከአንድ ይበልጣል የሚል ነው። ሦስተኛው፥ ዝቅተኛ ድምፅ ላለው መሣሪያ ዝቅተኛ ድምፅን የሚያጎላ ማይክሮፎን ያስፈልገዋል የሚል ነው። ሦስቱንም በተራ እመረምራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ዝቅተኛ ድምፅ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ድምፅ የአየር ንዝረት መሆኑን ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ አውታር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ስለሚነዝር፥ 343ን ለ41 ብናካፍል የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህም አንዱ ሞገድ ብቻ ከብዙዎቻችን መኝታ ቤት ይረዝማል ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ድምፅ የቀረጸ ሰው የቀረጸው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ጭምር ነው።

ለምሳሌ ትይዩ የቆሙ ሁለት ግድግዳዎች 4 ሜትር ቢራራቁ፥ በሰከንድ 43 ጊዜ ያህል የሚነዝር ድምፅ በመካከላቸው እየተመላለሰ ባለበት ይቆማል። ይህ ድምፅ በግድግዳው ሥርና በማዕዘን ያብጣል፤ በክፍሉ መካከል ግን ይሟሽሻል። ከጓደኞቼ መካከል ብዙዎቹ መቅረጫውን «ለሁሉም እኩል እንዲሆን» በማለት በክፍሉ መካከል ባለ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጣቸውን ነግረውኛል። ከበሮው ከጠፋባቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው። መቅረጫውን ሁለት እርምጃ ያህል ወደ አንዱ ጎን ቢገፉት ኖሮ ያለ አንዳች ወጪ ሌላ ድምፅ ባገኙ ነበር።

ሁለተኛው ልናስተውለው የሚገባ ነገር፥ ዝቅተኛ ድምፅ ያለው መሣሪያ ሁሉ ከፍተኛ ድምፅም ያለው መሆኑ ነው። ከበሮ ሲመታ ሆዱ በዝግታ ይነዝራል፤ መዳፉ ቆዳውን የነካበት ቅጽበት ግን በሰከንድ በሺሕ የሚቆጠር ንዝረት ይሰጣል። ጆሮ ምቱ መቼ እንደ ወደቀ፥ በመዳፍ ይሁን በጣት፥ በመካከል ይሁን በጠርዝ የሚያውቀው በዚህ በሁለተኛው ነው። ከዚህም ሌላ ዋናው ንዝረት ጨርሶ ባይሰማ እንኳ ጆሮ ከላይኞቹ ንዝረቶች ተነሥቶ ታችኛውን ይገምታል። በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ የቤዝ ዜማ ለመከተል የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስልኩ ራሱ ያን ዝቅተኛ ንዝረት ለማውጣት አቅም የለውም። ይህን የዘነጋ ሰው ሆድ ብቻ ያለው፥ እጅ የሌለው ከበሮ ይቀርጻል።

፪. ስለ መቅረብና ስለ መራቅ

ማይክሮፎኖች በጠቅላላው በሁለት ይከፈላሉ ለማለት ይቻላል፤ ከዙሪያቸው ሁሉ እኩል የሚሰሙና ወደ ፊት ለፊታቸው አድልተው የሚሰሙ ናቸው። በመድረክና በስብሰባ የምናያቸው አብዛኞቹ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። የእነዚህ አንድ ጠባይ፥ ወደ ድምፁ ምንጭ በጣም ሲጠጉ ዝቅተኛውን ድምፅ ከልክ በላይ ማሳበጣቸው ነው። ተናጋሪ አፉን ማይክሮፎኑ ላይ ሲለጥፍ ድምፁ የሚጎረንነው ስለዚህ ነው። ከዙሪያው እኩል የሚሰማው ማይክሮፎን ይህ ጠባይ የለበትም። በ1968 የወጣው የኤሌክትሮ ቮይስ አር ኢ 20 ወደ ፊት አድልቶ የሚሰማ ሆኖ ሳለ ይህን እብጠት እንዲቀንስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በብዙ አገር ሬዲዮ ጣቢያዎች የተወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መቅረብና መራቅ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያስገኙ ለማመልከት ከውጭ አገር ሁለት የታወቁ ሥራዎችን አነሣለሁ። የመጀመሪያው በ1966 በለንደን የቢትልስ ቡድን «ሪቮልቨር» የተባለውን ሸክላ ሲቀርጽ የተደረገው ነው። በዚያ ስቱዲዮ ማይክሮፎን ከትልቁ ድራም ከተወሰነ ርቀት በላይ እንዳይጠጋ ደንብ እንደ ነበረ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ኋላ ተርኳል። የድራሙ የአየር ግፊት ማይክሮፎኑን ይጎዳል ተብሎ ይፈራ ነበር። ኤመሪክ ግን በድራሙ ውስጥ የሱፍ ሹራብ ጨምሮ ጩኸቱን አፈነው፤ ማይክሮፎኑንም አስጠጋው። የተገኘው ድምፅ አጭር፥ ደረቅና አድማጩን ከፊት ለፊቱ የሚገፋ ሆነ። በዚያው ዓመት «ፔፐርባክ ራይተር» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ ኬን ታውንሴንድ የተባለው መሐንዲስ ትልቅ ድምፅ ማጉያን ገልብጦ ለቤዝ ጊታሩ ማይክሮፎን አደረገው። ሐሳቡ የረቀቀ ነው፤ ዝቅተኛ ድምፅ ለማውጣት የሚችል ሰፊ ገጽ ያንኑ ለመቀበልም ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1971 በወጣው በሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም ውስጥ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለ ዘፈን አለ። መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ድራሙን በእንግሊዝ አገር በሚገኝ ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ቤት አዳራሽ፥ በደረጃው ግርጌ አስቀመጠ። ሁለት የባየርዳይናሚክ ኤም 160 ማይክሮፎኖችን ከላይ ከደረጃው ላይ አንጠለጠለ፤ በትልቁ ድራም አጠገብ ግን ምንም አላኖረም። ያም ሆኖ ያ ድራም እስከ ዛሬ ድረስ በግዙፍነቱ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ግዝፈቱ የመጣው ከመቅረብ ሳይሆን ከሦስት ፎቅ ቤት አየር ነው።

ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሁለቱም ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፤ ሁለቱም ምን እንደሚፈልጉ አውቀው አድርገውታልና። አንደኛው ድራሙን ከቤቱ ለይቶ ሊያመጣው ፈለገ፤ ሁለተኛው ቤቱን ራሱን ድራም ሊያደርገው ፈለገ። የእኛ ቅጂዎች የሚወቀሱት ቀረቡ ወይም ራቁ ተብሎ አይደለም። የቀረቡት ዘፋኙ ስለ ቀረበ ነው፤ የራቁትም ኤሌክትሪኩ ስለ ራቀ ነው። ስለ ከበሮው ያሰበበት ሰው አልነበረም።

፫. የከበሮው ሁለት አፎች

የውጭውን ዘዴ እንዳለ ገልብጦ በከበሮ ላይ ማዋልም አይቻልም። የምዕራባውያን ትልቁ ድራም ብዙ ጊዜ በፊተኛው ቆዳ ላይ ቀዳዳ ስላለው ማይክሮፎኑን ወደ ውስጥ ለማስገባት ይመቻል። የእኛ ከበሮ ግን በሁለቱም በኩል በቆዳ ተወጥሮ የተዘጋ ነው። አንደኛው አፉ ሰፊ ሆኖ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ጠባብ ሆኖ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። መቺው በሁለት እጁ የሚያነጋግራቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። ስለዚህ በሰፊው አፍ በኩል ብቻ ማይክሮፎን ያኖረ ሰው ጭውውቱን ሳይሆን የአንዱን ተናጋሪ ቃል ብቻ ቀርጿል።

«እንግዲያው በሁለቱም በኩል አንዳንድ ማይክሮፎን እናኑር» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ይህንኑ አድርገን ነበር። የሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ ስናደርገው ግን ከበሮው ከመበርታት ይልቅ ሰለለ። ምክንያቱን ያወቅነው ኋላ ነው። ሰፊው አፍ ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማለትም በፊቱ ካለው ማይክሮፎን ይሸሻል። በውስጥ የተገፋው አየር ደግሞ የጠባቡን አፍ ቆዳ ወደ ውጭ፥ ወደ ሁለተኛው ማይክሮፎን ይገፋዋል። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ስለሚቀርብ፥ ሁለቱ ሲደመሩ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። መድኃኒቱ የአንዱን ማይክሮፎን ምልክት መገልበጥ ብቻ ነው፤ በብዙ የድምፅ ማቀላቀያ መሣሪያዎችና በኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቁልፍ አለ። ቁልፉን ስንጫነው ከበሮው በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ። አንድ ወር ሙሉ መሣሪያውን ስንሰድብ የቆየነው በከንቱ ነበር።

ርቀትም እንዲሁ ያጣላል። በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚነዝር ድምፅ አንዱ ማይክሮፎን ከሌላው 3 ሜትር ተኩል ያህል ቢርቅ፥ የሩቁ ሞገድ በግማሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከቅርቡ ጋር ይጋጫል። ሁለት ማይክሮፎን ያኖረ ሰው አስቀድሞ አንዱን ብቻ፥ ቀጥሎ ሌላውን ብቻ፥ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ ማዳመጥ አለበት። አንድ ላይ ሲሆኑ ከእያንዳንዳቸው የሰለለ ድምፅ ከተሰማ አንዱን ማጥፋት ይሻላል።

በወረብ ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መቺው ከበሮውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሊመታ ይችላል፤ ኋላም በአንገቱ አንግቶ ይቆማል፥ ይዞራል፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል። ወደ አንዱ አፍ የተጠጋ ማይክሮፎን በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ አንድ ጊዜ ይደነቁራል፥ አንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ የሚሻለው አንድ ማይክሮፎን ብቻ፥ ከዙሪያው እኩል የሚሰማውን፥ ከካህናቱ ራስ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። በዚህ ዓይነት ከበሮው፥ ጸናጽሉና ድምፃቸው እዚያው ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው በሚሰማው መጠን ይገኛሉ።

፬. ስለ በገናው

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት እመጣለሁ። በሚስዮን ትምህርት ቤት በነበርሁበት ጊዜ የመዘምራኑን ድምፅ የመቅረጽ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኝ ስለ ነበር፥ ኮሌጅ ስገባ በዚህ ሥራ ራሴን እንደ ዐዋቂ እቈጥር ነበር። በአንድ ክረምት በትውልድ አገሬ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የበገና መምህር ዘንድ ሄድሁ። የያዝሁት ለመድረክ ዘፋኝ የሚሆን፥ ወደ ፊቱ አድልቶ የሚሰማ ማይክሮፎን ነበር። በገና ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ወፍራሙን አጎላለሁ ብዬ ማይክሮፎኑን በገበቴው ፊት አራት ጣት ያህል አስጠግቼ አኖርሁት። ዐሥራ አንድ መዝሙር ቀረጽሁ።

ከዚህ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ አሰማኋቸው። አለቃ ዝም ብለው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ማዳመጫውን አውልቀው፥ «ልጄ፥ ይህ የእኔ በገና አይደለም፤ እንዚራው የት ሄደ?» አሉኝ።

በገና ዐሥር አውታሮች አሉት። አውታሮቹ ብርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ በየአንዳንዱ ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲነዝር ይህን ቆዳ እየነካ ስለሚመለስ ያ እንደ ንብ የሚያንጎራጉር ድምፅ ይወጣል። የበገና ድምፅ በገና የሚሆነው በዚህ ነው። አለቃም መደርደር ከመጀመራቸው በፊት እንዚራዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየገፉ፥ እየሳቡ፥ ጆሯቸውን እያዘነበሉ ብዙ ጊዜ ሲያባክኑ አይቻለሁ። ማባከን ያልሁት ያን ጊዜ ነው፤ እኔ መቅረጫዬን ከፍቼ ትዕግሥት አጥቼ እጠብቅ ነበርና። አውታሩ በዝግታ ቢነዝርም እንዚራው የሚያወጣው ንዝረት ወደ ላይ ብዙ ርቆ የሚሄድ ነው። እኔ ግን ማይክሮፎኑን አስጠግቼ ታችኛውን በማሳበጤ፥ እርሳቸው በጥፍራቸው የሠሩትን ሁሉ በጭቃ ቀበርሁት። ከሆዱ ፊት ለፊት ያለው ጉርምርምታ ሞላ፤ ብርኩማው አጠገብ የሚወለደው ማንጎራጎር ጠፋ።

ያን ጊዜ ማይክሮፎኑን አንድ ክንድ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ስቤ፥ ከገበቴው መካከል አንሥቼ ወደ ብርኩማው አዞርሁት። አንድ መዝሙር እንደ ቀረጽሁ ባትሪው አለቀ። በዓመቱ ስመለስ አለቃ እጃቸው ታሞ በገናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። «አሁንማ ከአንተ ዘንድ ያለው ነው የቀረው» አሉኝ። ከእኔ ዘንድ ያለው ዐሥራ አንድ የተበላሸና አንድ ደኅና መዝሙር ነው።

በጥሩ ሁኔታ የተቀረጸ በገና ምን እንደሚመስል ለመስማት የሚፈልግ አንባቢ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ቅጂ ውስጥ በዐሥራ አንደኛው ቁጥር የወጣውን የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን በገና ያዳምጥ። በዚያ ቅጂ ውስጥ የእያንዳንዱ አውታር ማንጎራጎር ተለይቶ ይሰማል፤ የድርደራውም ድምፅ ለስለስ ብሎ የሚወጣውን የሰው ድምፅ ሳይሸፍን ከሥሩ ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ አልቀነሰም፤ ወፍራምነቱ ግን ከላይ ያለውን አላጠፋውም። ሚዛን ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው እምነት እዚህ ላይ ይወድቃል። ዝቅተኛ ድምፅ ያለው መሣሪያ የሚፈልገው ዝቅተኛውን የሚያጎላ ማይክሮፎን ሳይሆን፥ ከታች እስከ ላይ ሳያዳላ የሚሰማ ማይክሮፎን ነው። ለትልቁ ድራም ተብለው የሚሸጡት ማይክሮፎኖች ብዙ ጊዜ ታችኛውንና የመምቻውን ቅጽበት አጉልተው መካከለኛውን ይቀንሳሉ። ለዘፈን ድራም ይህ ይስማማ ይሆናል፤ በገና ግን ከመካከለኛው ድምፅ ብዙ ይጠብቃል። ከ1965 ጀምሮ የሚሠራውና በየቦታው የሚገኘው ሹር ኤስ ኤም 57 እንኳ፥ ሠሪው ከ40 እስከ 15,000 ንዝረት ይሰማል የሚለው፥ በልክ ርቆ ከተቀመጠ ብዙ ገንዘብ ከወጣበት የድራም ማይክሮፎን የተሻለ በገና ሊያስገኝ ይችላል።

፭. ማጠቃለያ

ለሚመጣው ክረምት ለሚጓዙ ጓደኞቼ ከዚህ ሁሉ የሚከተለውን አስተያየት አቀርባለሁ። አስቀድማችሁ ያለ ማይክሮፎን አዳምጡ፤ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወራችሁ ከበሮው ወይም በገናው ለጆሮ ደስ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ፥ ማይክሮፎኑንም መጀመሪያ እዚያ አኑሩ። በመቅረጫው ላይ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ መቁረጫ ለንግግር ካልሆነ በቀር ዝጉት። ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውንም ዝጉ፤ እርሱ ክፍት ከሆነ ከበሮ በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ይሰምጣልና። ከበሮው ጠንክሮ ሲመታ እንዳይሰነጠቅ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከሁሉም በላይ አንድ መዝሙር ብቻ እንደ ቀረጻችሁ አቁሙና ለባለ ሙያው አሰሙ። እኔ ከዐሥራ አንዱ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው በኋላ አሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ትችት መጻፍ ባላስፈለገኝም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ጓደኞቼን አጥብቄ ነቅፌ እንደሆነ፥ ከሁሉ በፊት የነቀፍሁት ራሴን መሆኑን አንባቢ ይረዳልኛል። በፊዚክስ የተሻለ ዕውቀት ያለው ተማሪ ስሕተቴን ቢያርምልኝ በደስታ እቀበላለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን እኛ እስክንተራረም አይጠብቁንም። ማይክሮፎኑ ስንት ብር እንደ ወጣበት ከመጠየቅ ይልቅ ጥፍራቸው በእንዚራው ላይ ምን እንደሚሠራ ጎንበስ ብሎ መመልከት ይቀድማል።